የሦስት ወር ኮንትራት በቡታጅራ ስልክ ቤት

ቁጡ ሰው ነኝ። ይህን ከእኔው ከአስረስ ብትሰሙት ይሻላል፤ ባለቤቴ ብትነግራችሁ ሦስት እጥፍ አድርጋ ነው የምትነግራችሁ። በስልሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ሰኔ መጨረሻ ላይ ቡታጅራ ስወርድ ደግሞ ገና የሠላሳ አንድ ዓመት ጎልማሳ ነበርኩ፤ ቁጣዬ አልበረደም፣ ጢሜን በየቀኑ እላጫለሁ፣ በደረት ኪሴ ሁለት እስክሪብቶ እሰካለሁ። አንዱ ሰማያዊ ነው፣ አንዱ ቀይ። ቀዩ የሌላ ሰው ስህተት ማረሚያ ነበር።

የሄድኩት የስልክ ቤቱ ኃላፊ ሆኜ ነው። ኃላፊ ስላችሁ እንዳትሳሳቱ፤ የሦስት ወር ኮንትራት ነው። የነበረው ሰውዬ ታሞ አዲስ አበባ ተኝቷል፤ እሱ እስኪድን ወይም ቁርጡ እስኪታወቅ ድረስ ቦታውን የሚጠብቅ ሰው ተፈለገ። እኔ ደግሞ ዋናው መሥሪያ ቤት ውስጥ ቅጽ ሳዘጋጅ ስድስት ዓመት በጊዜያዊነት የኖርኩ ሰው ነኝ። አለቃዬ ጠሩኝና፣ "ሦስቱን ወር ያለ እንከን ከጨረስክ ቋሚ ትሆናለህ" አሉኝ። ከዚያ አንድ ደብዳቤ በእጄ አስያዙኝ። አንዳንድ አጭበርባሪዎች ከገጠር ከተሞች ለመርካቶ ነጋዴዎች እየደወሉ፣ ዘመድ ነን፣ ሰው ታሞብናል እያሉ ዕቃ ያስልካሉ፤ ስለዚህ ደዋዩንም ተጠሪውንም፣ ማለትም የሚደወልለትን ሰው፣ በስም ሳታረጋግጡ መስመር እንዳትሰጡ ይላል። አውቶብስ ውስጥ ጥያ እስክንደርስ ድረስ ደብዳቤውን አራት ጊዜ አነበብኩት። ቋሚነቴ እዚያች ወረቀት ላይ የተጻፈ ነው የመሰለኝ።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ያየሁት ነገር ክው አደረገኝ። ስልክ ቤቱ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ነው። ከፊት ባንኮኒ አለ፣ ከባንኮኒው ጀርባ የስልክ ማዞሪያው፣ ማዞሪያው ፊት ሳሌሃ። ሳሌሃ የመስቃን ልጅ ናት፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ስድስተኛ ክፍል ጨርሳ ሥራ የገባች፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ የምታስር፣ ሰው ፊት ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት። የከተማው ሃያ ስድስት ስልክና አዲስ አበባ ያሉት የቡታጅራ ነጋዴዎች ቁጥር በሙሉ ጭንቅላቷ ውስጥ ነው። የስልክ ማውጫ የሚባል ወረቀት የለም።

አንዲት ሴት ገባች። በጉራጊኛ ሁለት ቃል ጣል አደረገች። ሳሌሃ ምንም ሳትጠይቅ ገመዱን ሰካች፣ እጀታውን አዞረች፣ "ያዢ፣ መጥቷል" አለቻት። ሌላዋ መጣችና "ለዚያ ሰውዬ" አለች። እሷም ተገናኘች። ሦስተኛዋ "የልጆቼ አባት ጋ" ብላ ተገናኘች። መዝገቡን ገለጥኩ። "የተጠሪ ስም" ከሚለው ሥር የተጻፈው ምን መሰላችሁ? ሰውዬው። የልጆቿ አባት። ትልቁ ሰው። የትልቁ ሰው ታናሽ ወንድም። ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣሁ፤ ከየት እንደምጀምር ግን ጠፋኝ።

"ይሄ ምንድን ነው ሳሌሃ?" አልኳት።

"መዝገቡ ነው።"

"መዝገብ መሆኑንማ አይቻለሁ። ሰውዬው ማለት ማን ነው?"

"የሃሊማ ባል ነዋ።"

"ሃሊማ የባሏን ስም አታውቅም?"

"ኧረ ታውቃለች። እዚህ አገር ሴቶቹ እኮ አቶ አስረስ…"

"ሴቶቹም ወንዶቹም ሕጉ አንድ ነው" ብዬ አቋረጥኳት። ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር እስከ መጨረሻዋ ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምነግራችሁ ነገር አይኖርም ነበር። ግን ማን ይሰማል? ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣሁ፣ ሁለት እስክሪብቶ የሰካሁ ሰው ነኝ።

በዚያው ቀን በትልልቅ ፊደል ጽፌ ባንኮኒው ላይ ለጠፍኩ። ደዋይ የተጠሪውን ስም ከነአባቱ በራሱ አንደበት ይናገራል፤ ስም ያልተናገረ መስመር አያገኝም። ማንበብ የማይችለው ብዙ መሆኑን እንኳ አላሰብኩም። ሳሌሃ ማስታወቂያውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ወደ ገመዶቿ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት መዝገቡ አማረ። ስም ከነአባት፣ ሰዓት፣ ደቂቃ፤ አንድ ባዶ ቦታ የለም። ሥራን ማስተካከል ማለት እንዲህ ነው እያልኩ ደረቴን ነፋሁ። ለካ ስሙን የምትሞላው ሳሌሃ ራሷ ናት። ሴቶቹ እንደ ድሮው "ለዚያ ሰውዬ" ይሏታል፤ እሷ ደግሞ እኔን ደስ እንዲለኝ አስተካክላ ትጽፋለች።

ሐምሌ አሥራ ሦስት ቀን ሰኞ ነበር። ሳሌሃ አጎቷ ሞቶባት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር የሚያስኬድ ገጠር ለለቅሶ ሄደች። ዘበኛው አለሙም ከመስመር ሠራተኛው ጋር ያዘነበለ ምሰሶ ሊያቃኑ ወጥተዋል። ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ አላባራም። ማዞሪያው ላይ እኔው ተቀመጥኩ። የከተማውን ስልኮች ቁጥር ሳሌሃን አስነግሬ በወረቀት ጽፌያለሁ፣ የአዲስ አበባዎቹንም ከነስማቸው እንደዚያው። ኩራቴ ለከት አልነበረውም።

አራት ሰዓት ገደማ አንዲት ልጅ እግር ሴት በሩን ገፍታ ገባች። ከእግር እስከ ራሷ በስብሳለች። ስሟ ዘይባ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

"አዲስ አበባ" አለችኝ። አማርኛዋ ብዙም አይደለም። "ልጄ፣ ዓይኗ እንጨት ወጋት። የክሊኒኩ ድሬሰር ዛሬ አዲስ አበባ ትግባ አለ። ካደረ ዓይኑ ይጠፋል አለ። መኪና ይምጣልኝ።"

የጠዋቱ አውቶብስ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጥቷል፤ ሌላ የሚወጣው በማግስቱ ነው። በከተማው የነበረችው ላንድሮቨርም ከአስተዳዳሪው ጋር ጉንችሬ ሄዳለች። ስለዚህ የሴትየዋ ነገር በዚያች ስልክ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ይህን አሁን አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን የሰማሁት ሌላ ነው፤ "ዘመድ ነን፣ ሰው ታሞብናል" የሚለው የደብዳቤው ቃል ጆሮዬ ላይ ጮኸ።

"ለማን ነው የምትደውዪው?" አልኳት።

"የባል አባት። መርካቶ ነው። ብርድ ልብስ ይሸጣል።"

"ስሙ ማን ነው?"

ወደ በሩ ዞር አለች።

"ስሙን ንገሪኝና አሁኑኑ አገናኝሻለሁ። ስም።"

መሬት መሬት ታያለች። ውሃው ከቀሚሷ ጫፍ ይንጠባጠባል።

"እሺ ባልሽስ? እሱም አዲስ አበባ ነው?"

"ከአባቱ ጋር ነው፣ ሱቅ።"

"የእሱስ ስም ማን ነው?"

ከንፈሯን ነከሰች። አሁን ደም ሥሬ ተገታተረ። የአማቷን ስም አታውቅም እንበል፤ የባሏን ስም የማታውቅ ሚስት በየትኛው አገር አለች? የሰው ሚስት እንዳልሆነች በራሷ አፍ የመሰከረች መሰለኝ። የቁጥሮቹ ወረቀት እኮ እጄ ላይ ነው። አንድ በአንድ ባነብላት፣ የአማቷ ስም ሲደርስ አንገቷን ትነቀንቅልኝ ነበር። ሃያ ደቂቃም አይፈጅም። ይህን ያሰብኩት ከሦስት ቀን በኋላ፣ ፊቴን ስታጠብ ነው፤ ሳሙናው ከእጄ ወደቀ።

ወጣች። ተገላገልኩ ስል፣ ከስልክ ቤቱ አጠገብ በርበሬ የምትሸጠውን ሰፍያን ይዛ ተመለሰች። ሰፍያ ጠና ያለች ሴት ናት፣ እኔንም ብዙ አትፈራኝም።

"ሐጂ ሰይዶ ነው ሰውዬው፣ አገናኛት" አለችኝ። "እሷ አትጠራም፣ ነውር ነው።"

"ነውሩስ የእናንተ ነው" አልኳት። "አንቺ የምታውቂውን ስም ምራቱ ነኝ የምትለው እንዴት አጣችው?"

"አላጣችውም። አትጠራም አልኩህ እኮ።"

"ከራሷ አፍ ካልሰማሁ መስመር አልሰጥም። ማንም ይምጣ። አሁን ሁለታችሁም ካልወጣችሁ ፖሊስ እጠራለሁ።"

ያኔ ዘይባ ባንኮኒውን በሁለት እጇ ያዘች። አፏን ከፈተች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ አንገቷ ላይ ያለው ሥር ተገተረ፣ አንድ ድምፅ እንኳ አልወጣም። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ይህን ሁሉ በዚህ በዓይኔ አየሁ፣ እና ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? ፖሊስ ስላት ፈራች አልኩ።

ሲወጡ ሰፍያ ዞር ብላ አንድ ነገር በጉራጊኛ ተናገረች፤ ምርቃት እንዳልነበረ እርግጠኛ ነኝ። እኔ ግን ተቀምጬ በሰማያዊው እስክሪብቶ ለዋናው መሥሪያ ቤት ሪፖርት ጻፍኩ። ሁለት አጠራጣሪ ሴቶች በመመሪያው መሠረት ተመልሰዋል ብዬ ፈረምኩ። ምሳዬንም በላሁ። ጥሩ አድርጌ በላሁ።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል በሩ ተበረገደ። ሳሌሃ ናት፣ ዘይባ ከኋላዋ። ሁለቱም እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። ዘይባ ከእኔ ተባርራ፣ ስሙን ሳትጠይቅ የምታውቅላት ሳሌሃ ናት ብላ፣ በዚያ ዝናብ ለቅሶው ቤት ድረስ በእግሯ ሄዳ ይዛት መጥታለች። ሳሌሃ ሰላምታ አልሰጠችኝም። "ይነሡልኝ" አለች። ከወንበሩ ተነሣሁ። ገመዱን ሰካች፣ እጀታውን አዞረች፣ ሁለት ደቂቃም አልሞላ፣ መነጋገሪያውን ለዘይባ ሰጠቻት። ዘይባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ አጎንብሳ፣ ቀስ ብላ ተናገረች። ስትጨርስ እየሮጠች ወደ ልጇ ሄደች።

"ይቺ ማን ናት?" አልኳት ሳሌሃን።

"የሐጂ ሰይዶ ምራት ናት። የሙስተፋ ሚስት።"

"ታዲያ ለምን ስማቸውን…"

"ሴት ካገባች በኋላ የባሏንም የባሏን አባትም ስም አትጠራም። እናቴም ጠርታ አታውቅም፤ እኔም ሳገባ አልጠራም። ቢገርፏት አትጠራም። የመጀመሪያ ቀን ልነግርዎ ነበር፣ አልሰማም አሉ።"

ድንጋጤ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ። ባንኮኒው ላይ ተደገፍኩ። አራት ሰዓት ላይ ነው የመጣችው። አሁን አሥር ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ በእኔ እጅ ሄዷል። ሰፍያ ነውር ነው ስትለኝ የጮኽኩባት ጩኸት ተመልሶ ጆሮዬን ሞላው። ሪፖርቱን ቀዳድጄ ጣልኩት፤ መቅደዱ ግን ለማን ምን ይጠቅማል?

ሐጂ ሰይዶ መኪና ለምነው፣ ያንን የጭቃ መንገድ እየወደቁ እየተነሡ፣ ከመሸ በኋላ ደረሱ። ልጅቷን ይዘው ወዲያው ተመለሱ። ስሟ ኡሚ ነው፣ አምስት ዓመቷ። አጥር ሥር ስትጫወት የቀርከሃ ስንጥር ነው የወጋት። ወሬው በአራተኛው ቀን በራሴው ማዞሪያ ላይ መጣ። ሳሌሃ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ሰማችና አወለቀችው። ሐኪሞቹ በዚያው ቀን ብትደርስልን እናተርፈው ነበር ብለዋል። ዓይኑ ወጥቷል።

እኔ የዚያን ቀን ምንም አልበላሁም። በማግስቱም እንዲሁ። ከተማው ሁሉ አፉን ከፍቶ የሚረግመኝ መሰለኝ፤ ወደ ገበያ ስወጣ ግን ሰው እንደ ወትሮው ሰላም ይለኛል። ሰፍያ እንኳ አየችኝና ወደ በርበሬዋ ዞረች እንጂ አንድ ቃል አልወጣትም። ግራ ገባኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሳሌሃን ምን ሆነው ነው ብዬ ብጠይቃት "ሥራዎን ይሥሩ" አለችኝ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ረፋዱ ላይ አንድ ሽማግሌ ገቡ። ነጭ ኮፍያ፣ ረጅም ካፖርት፣ በብብታቸው አንድ ጥቅል ይዘዋል። ከኋላቸው ዘይባ ናት፤ የዘይባን ቀሚስ ይዛ ደግሞ አንድ ዓይኗ በነጭ ፋሻ የተሸፈነች ሕፃን። ሽማግሌው ማን እንደሆኑ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። አሁን ጉዴ ፈላ አልኩ። ለመመታት ተዘጋጅቼ ቆምኩ።

"አሰላሙ አለይኩም" አሉ ሐጂ ሰይዶ። ጥቅሉን ባንኮኒው ላይ አድርገው ፈቱት። ብርድ ልብስ ነው፣ አዲስ፣ ወፍራም። "ምራቴ ሁሉን ነግራኛለች አቶ አስረስ። የዚያን ቀን መስመሩ ተበላሽቶ፣ እርስዎ በዝናብ ሲያስጠግኑ ውለው፣ አሥር ሰዓት ላይ አገናኝተዋታል። የአላህ ነገር ሆነና አልደረሰም። እርስዎ ግን ደክመዋል። ብርድ እንዳይመታዎት ብዬ ነው፣ እምቢ አይበሉኝ።"

ሳሌሃን አየኋት፤ ገመዶቿን ታያለች። ዘይባን አየኋት፤ መሬት ታያለች። ለካ ከተማው ሰላም የሚለኝ ለዚህ ነው። ሴቶቹ ተነጋግረው ዘግተውታል። ብርድ ልብሱን ተቀብዬ "አላህ ይስጥልኝ" ብል ነገሩ አለቀ፤ መስከረም መጨረሻ ላይ ቋሚ ሆኜ አዲስ አበባ እገባለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እጄ ወደ ብርድ ልብሱ ሄዶ ነበር። ጨርቁን ነክቼዋለሁ። ከዚያ ያቺ ሕፃን በአንድ ዓይኗ ቀና ብላ አየችኝ፣ እና አፌ ሳላዘው ተከፈተ።

"መስመሩ አልተበላሸም ሐጂ" አልኳቸው።

ሳሌሃ በጥርሷ መሐል "ዝም ይበሉ" አለችኝ። ዝም አላልኩም። አራት ሰዓት ላይ መጥታ ነበር አልኩ። ስምዎን ጥሪ ብያት አልጠራም አለችኝ፤ አጭበርባሪ መስላኝ አባረርኳት፤ ሰፍያ ስምዎን ብትነግረኝም አልሰማኋትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሌላ ማንም የለበትም አልኩ። ሲያልቅልኝ ቀለል የሚለኝ መስሎኝ ነበር።

ዘይባ ቀና አለች። ፊት ለፊት ስታየኝ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። ምስጋና አልነበረም፤ ምን አደረግኩህ የሚል ዓይን ነው። ያኔ ገባኝ። እሷ ያንን ውሸት የተናገረችው ለእኔ ብቻ ብላ አይደለም። አማቷ ይህን እንዳይሰሙ ነው።

እኔን ይመቱኛል ብዬ የጠበቅኳቸው ሰው ወደ እኔ አልዞሩም። ወደ ምራታቸው ነው የዞሩት። ባንኮኒውን ተደግፈው ቆሙ፣ ከዚያ መቆም አቅቷቸው ደዋዮች የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እንባቸው በጢማቸው ወረደ። በጉራጊኛ ነው የሚናገሩት፤ ሳሌሃ አጠገቤ ቆማ እየተቆራረጠች ተረጎመችልኝ። የእኔ ስም ነው የልጅ ልጄን ዓይን የበላው ይላሉ። ሺህ ጊዜ ብትጠሪው ምን እሆን ነበር፣ ይቅር የማልልሽ መስሎሽ ነው ወይ ይላሉ። ዘይባ ልጇን ወደ ራሷ አስጠጋች።

ከዚያ እጃቸውን ወደ እሷ ዘረጉ። ስሜን ጥሪ አሏት። ፈቅጄልሻለሁ፣ እዚሁ ሰው ፊት፣ አሁን ጥሪው፣ ከእንግዲህ እንደ አባትሽ ስም ነው አሏት። ለመኗት። እኒያ ትልቅ ሰው ምራታቸውን በሁለት እጃቸው ለመኗት። ዘይባ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች፣ የልጅቷን ፋሻ በጣቷ አስተካከለች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ አንዲት ነገር ተናገረች።

ሐጂ ሰይዶ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

"ምን አለቻቸው?" አልኳት ሳሌሃን።

ሳሌሃ ወደ ገመዶቿ ዞረች።

"አሁንማ ምን ያደርጋል አባቴ፣ ነው ያለቻቸው" አለችኝ።